በበገናው እንጨት ውስጥ የሚመታው

ወዳጄ፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ ከሚስቁት ወገን ነኝ፣ ያውም በሆዴ ሳይሆን አገር እየሰማ ነው የምስቀው፣ አንዱ ዛር አየሁ ሲለኝ «መልኩ አማትህን ይመስል ነበር ወይ?» እላለሁ፣ ሌላው ቡዳ በላኝ ብሎ ሲያቃስት «ካንተ ላይ ደግሞ ምን ሥጋ አግኝቶ?» እላለሁ። ደብረ ታቦር ላይ «ተገኘ ባለበት ጋኔን አይቀመጥም፣ ምላሱን አይችለውማ» ይባላል። መጀመሪያ ያልሁት እኔው ራሴ ነኝ፣ ሰው ግን ወዶ ተቀበለው።

ደግሞ እንዲህ ያለው ነገር ሁልጊዜ ሌሊት ነው የሚሆነው አይደል? ሰው ጠጥቶ ሲገባ፣ ጉቶው ሰው ሲመስለው። የኔው በቀትር ነው፣ ፀሐይ አናት ላይ ቁማ፣ ዐቢይ ጾም ስለነበር ጠላ ቀርቶ ውሃ እንኳ ሳልቀምስ ነው። እመነኝ፣ ሰክሬ ቢሆን ኑሮ ደስ ባለኝ።

እኔ ኮርቻ ሰፊ ነኝ፣ ከእስቴ እስከ ገሳይ የኔን ኮርቻ የጫነች በቅሎ ስታልፍ ሰው ዞር ብሎ ያያል፣ ኮርቻውን ሰውም ያውቀዋል፣ በቅሎዋም ታውቀዋለች። በገናውን ግን ማንም አላስተማረኝም። አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ጎጇቸው ውስጥ ሲደረድሩ በአጥሩ ቀዳዳ እያየሁ ጣታቸውን ሰረቅሁ፣ ወይራ ጠርቤ፣ ቆዳ ወጥሬ፣ የበግ አንጀት አጥቤና ፈትዬ አውታሩን ገመድሁ፣ እንግዲህ ከጎንደር መምህር አስመጥተው የተማሩ መኳንንት ነበሩ፣ እነሱ ሲደረድሩ ሰው ያዛጋል፣ እኔ ስደረድር ሰው ያለቅሳል፣ ልዩነቱ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ባላምባራስ አላምረው የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፣ ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ ነው፣ ደወል ሲደወል ምሰሶው እስኪነዝር ድረስ ቅርብ ነው። በጉብዝናቸው ፈረስ ላይ ሲወጡ አገር የሚያያቸው ነበሩ አሉ፣ በዚያ ዓመት ግን ልባቸው ታመመ። የልብ ሕመም ቀርበህ አይተህ ታውቃለህ? እግራቸው እንደ ሞላ አቁማዳ አብጧል፣ በጣትህ ብትጫነው ጉድጓዱ እዚያው ይቀራል፣ ጋደም ካሉ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ ስለዚህ ቀንም ሌሊትም መደቡ ላይ በትራስ ተደግፈው ቁጭ ነው፣ አንገታቸው ላይ ያለው ሥር እንደ እንቁራሪት ጉሮሮ ሲዘል ከበሩ ሁነህ ታየዋለህ።

ያልተደረገላቸው የለም። ኮሶ አጠጧቸው፣ ትል ልብ ይበላ ይመስል። ጠበል ተረጩ። በቃሬዛ ተሸክመው ዋንዛዬ ፍል ውሃ ድረስ ወሰዷቸው፣ ፍል ውሃ ለቁርጥማት ነው እንጂ ለልብ ማን ነገራቸው፣ እንፋሎቱ ትንፋሻቸውን ሊቆርጠው ሲል እያለቀሱ መለሷቸው። በመጨረሻ የንስሐ አባታቸው «ጾም ነው፣ በገና ኃጢአት የለበትም፣ እስቲ ይሞከር» አሉ፣ ባለቤታቸው እመት የሺም ሰው ላኩብኝ።

እኔም በገናዬን በነጠላ ጠቅልዬ ሄድሁ፣ ገብቼ እጅ ነሣሁ፣ ተቀመጥሁ፣ ደረደርሁ። ወዲያው ነው የገባኝ፣ ድምፁ በጆሮ ብቻ ቢገባ አይበቃም። እጃቸውን አንሥቼ በበገናው ገበቴ ላይ፣ ቆዳው ከእንጨቱ ጋራ በተሰፋበት በኩል አስቀመጥሁት፣ ንዝረቱ በመዳፋቸው ገብቶ ክንዳቸውን ይዞ እንዲወጣ ብዬ ነው። ማንም አልነገረኝም፣ ኮርቻ ሰፊ እጁ ያስባል። ያን ጊዜ የማላውቀው ነገር መጣ፤ የሳቸው ንዝረት ደግሞ ወደኔ ተሻገረ። በገናው ጭኔ ላይ ነው፣ ደረቴንም ይነካኛል፣ የልባቸው ምት በእንጨቱ አልፎ ይሰማኛል፣ እንደ ታሰረ ወጠጤ ይራገጣል፣ ሁለት ዘሎ አንድ ይስታል። እኔም ምን አደረግሁ፣ መጀመሪያ አብሬው ሮጥሁ፣ ከዚያ አውታሩን ቀስ፣ ቀስ እያደረግሁ ያዝ አደረግሁት፣ አሠልጣኝ ድንጉጥ በቅሎን እንደሚገራው ነው፣ ከግልቢያ ወደ ሶምሶማ፣ ከሶምሶማ ወደ እርምጃ አወረድሁት። ባላምባራስ ረጅም ትንፋሽ ሳቡ። እመት የሺ ምሰሶውን ተደግፈው ቁመው ነበር፣ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

«አንተ ተገኘ፣ ከማን ተማርህ?» አሉኝ ባላምባራስ።

«ከራሴ ነው ጌታዬ፣ አስተማሪውም ተማሪውም ሰነፍ ነበሩ፣ ግን ተግባቡ።»

ሳቁ። ከታመሙ ወዲህ ሲስቁ የመጀመሪያቸው ነው ብለው ቤተሰቦቹ ነገሩኝ፣ እኔም ይህን ገበያ ላይ ላገኘሁት ሁሉ ነገርሁ፣ ሁለት ሁለት ጊዜ የሰሙም አሉ።

እንዲህ እያልን ከረምን። በየቀኑ እሄዳለሁ፣ እደረድራለሁ፣ እሳቸው እጃቸውን ያሳርፋሉ፣ ልባቸው ይረጋል፣ ለጥቂት ጊዜ ያንቀላፋሉ። አዳኝ ነኝ ብዬ አልዋሽህም፣ እብጠቱ አልጎደለም፣ ግን ሰው ሁነው ይውላሉ። አንድ ቀን ሌላው ሁሉ ወጣ ሲል ለምን መኖር እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። መርሻ የሚባል አንድ ልጅ አላቸው። ባላምባራስ የድሮዎቹ ጌቶች ሰው ናቸው፣ ልጁ ደግሞ ንጉሡ ደብረ ታቦር ሲሰፍሩ አይቶ ልቡ ሸፈተ፣ ከጦሩ ጋራ እወርዳለሁ አለ፣ አባት ከለከሉ፣ ልጅ ጋሻውን አንሥቶ ወጣ። እሳቸውም ደጅ ቁመው፣ ጎረቤት እየሰማ፣ «ሬሳህ እንኳ ይህን ደጅ አይለፍ» አሉት።

የአባት እርግማን እንዴት እንደሆነ አንተም ታውቃለህ፣ በአፍ የታሰረ በዚያው አፍ ነው የሚፈታ። የንስሐ አባታቸው ልጁ በሌለበት ይፍቱት ቢሏቸው እምቢ አሉ፣ የረገምሁት ፊት ለፊት ነው፣ የምፈታውም ፊት ለፊት ነው አሉ። ግትር ናቸው፣ ልባቸው ቢደክም ግትርነታቸው አልደከመም።

«መርሻ እስኪመጣ ብቻ አቆየኝ» አሉኝ፣ «ከዚያ በኋላ በገናህን ይዘህ ቤትህ ግባ።»

እኔም ምላሴ መቸ አርፎ ያውቃል፣ «ጌታዬ፣ እኔ እያለሁ ልብዎ ያለ ፈቃዴ አይቆምም» አልኋቸው።

በማግሥቱ ልሰናበት ስል እመት የሺ ወደ ጓሮ ጠሩኝ። በጌሾው ተክል መካከል ቁመው ቅጠሉን እየቀነጠሱ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ መርሻ መሞቱን ነገሩኝ። ወደ ወሎ በወረደው ጦር ውስጥ ተስቦ ገብቶ ኑሯል፣ በድንኳን ውስጥ ነው የሞተው፣ እዚያው ሜዳ ላይ ቀበሩት፣ ጓደኛው መርዶውን ይዞ የመጣው እዚህ ሳይሆን ገሳይ ካሉት ከእመት የሺ ዘመዶች ዘንድ ነው። እሳቸውም ተጠርተው ሄዱ፣ እዚያው አለቀሱ፣ ወንዝ ወርደው ፊታቸውን ታጠቡ፣ ጸጉራቸውን ሳይላጩ፣ ልብሳቸውን ሳይለውጡ ተመለሱ፣ ለባላቸው ዘመድ ጠይቄ መጣሁ አሏቸው።

መቸም ልቡ ለታመመ ሰው መርዶ አይነገረውም፣ ይህ የታወቀ ነው፣ ማንም ሰው እንዲሁ ነበር የሚያደርገው። ነገር ግን መርዶው ሲደበቅ ሌላውም አብሮ ይደበቃል። ደወሉ ከአናታቸው ላይ ነው፣ ካህናት ተሰብስበው ባላምባራስ የማይሰሙት ፍትሐት ከየት ይመጣል? ድግስ ሳይታይ አርባው እንዴት ይወጣል? ስለዚህ ለልጁ ደወል አልተደወለም፣ ፍትሐት አልተፈታም፣ አርባው እንዲሁ አለፈ፣ የንስሐ አባትየውም እያወቁ ዝም አሉ። እመት የሺ የሚሉት፣ ባሌ ሲሻለው ሁሉም ይደረጋል ነው፣ በአንድ ዓመት ሁለት ሰው አልቀብርም ነው።

«አንተ ብቻ አታቁም» አሉኝ፣ ጌሾውን በመዳፋቸው ጨምድደው።

አይዞዎት እሜቴ፣ ሙት ቸኩሎ አያውቅም አልኋቸው። እንዲህ ነው ያልሁት፣ በዚህችው አፌ።

እንግዲህ ያ ቀን መጣ። የጾም ቅዳሴ ከቀትር በኋላ ስለሆነ የቤቱ ሰው ሁሉ ወደ ላይ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጥቷል፣ ሦስት ብቻ ቀረን። ባላምባራስ መደባቸው ላይ፣ እኔ ከጎናቸው፣ እመት የሺ በሩ ሥር ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ፣ እንዝርቷ ስትዞር ትሰማለች። ከጋፋት በኩል የንጉሡ ብረት ቀጥቃጮች መዶሻ ሲመታ ይውል ነበር፣ ነፋሱ ሲያመጣው ይሰማል፣ ቀትር ላይ እሱም ጸጥ አለ። በሩ ወለል ብሎ ክፍት ነው፣ ፀሐዩ ደጁን ሞልቶታል፣ ዓይን ያስጨፍናል። ባላምባራስ እጃቸውን ገበቴው ላይ እንዳሳረፉ አንቀላፉ፣ ልባቸው በእርምጃ ይሄዳል፣ እኔም ለራሴ፣ ተገኘ፣ አንተ ሰው አይደለህም፣ ተአምር ነህ እያልሁ ነው።

መጀመሪያ ውሻው ተነሣ። ደጅ የታሰረ ክፉ ውሻ ነው፣ እኔን በየቀኑ እያየ በየቀኑ ሊበላኝ የሚነሣ። ወደ አጥሩ በር ዞረ፣ አልጮኸም፣ ጅራቱን ወዘወዘ፣ የቤቱ ሰው ሲመጣ እንደሚያደርገው ማለት ነው፣ ሰንሰለቱ ሲንቀጫቀጭ ይሰማኛል። ከዚያ ጅራቱ ቆመ። በሆዱ መሬት ላይ ተለጠፈና እንደ ቡችላ አለቀሰ። ዶሮዎቹ ከደጅ ወደ ጓዳ ሮጠው ገቡ። እንዝርቷም ዝም አለች።

እኔ መደርደሬን አልተውሁም። በዚህ መካከል የባላምባራስ እጅ ከበገናው ላይ ተንሸራትቶ ጋቢያቸው ላይ ወደቀ፣ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ይህን ልብ በልልኝ ወዳጄ፣ እጃቸው ወርዷል፣ እንጨቱን የሚነካ ከኔ በቀር ማንም የለም። ምቱ ግን አልቆመም። በእንጨቱ ውስጥ ይመታል። ደግሞ የሳቸው አይደለም፣ የሳቸውን እንደ ራሴ ጣት ነው የማውቀው፣ የሳቸው ደካማ ነው፣ ይስታል፣ ይህኛው የጎረምሳ ነው፣ ዳገት ሮጦ የወጣ ሰው ልብ፣ ድው ድው ይላል፣ አይስትም። የራሴ ይሆናል ብዬ ቀኝ እጄን ደረቴ ላይ አደረግሁ፣ የኔው ሌላ ነው፣ በሌላ አካሄድ ነው የሚሄድ። በገናውን ከጭኔ ትንሽ ከፍ አደረግሁት፣ አለ። ወደ ጓዳው አዞርሁት፣ ደከመ። ወደ በሩ አዞርሁት፣ ጎላ። መልሼ አዞርሁት፣ ደከመ። እንደገና ወደ በሩ። ጎላ። በሩ ላይ ከእመት የሺና ከፀሐዩ በቀር ምንም የለም።

ቀልድ ፈለግሁ፣ እመነኝ፣ ሁልጊዜ አንድ አላጣም፣ ያን ጊዜ ግን አፌ ውስጥ ምራቅ እንኳ አልነበረም።

ባላምባራስ ዓይናቸውን ገለጡ።

«በሩ ላይ ማነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ ሌላ ማንም የለም» አሉ እመት የሺ።

«አንቺማ ተቀምጠሻል። የቆመው ማነው?»

ባላምባራስ አንገታቸውን አስግገው ወደ ብርሃኑ አዩ፣ ብዙ አዩ፣ አንገታቸው ላይ ያለው ሥር መዝለል ጀመረ፣ ከዚያ ፊታቸው እንደ ሕፃን ፊት ሆነ።

«ከልክዬው እኮ ነው የማይገባው» አሉ፣ ለማን እንደሆነ አላውቅም። ወደኔ ዞሩ። «ተገኘ፣ አቁም።»

ባቆም ልባቸው እንደሚፈረጥጥ፣ ተመልሶ እንደማይያዝ ነገርኋቸው፣ እየደረደርሁ ነው የምነግራቸው። እመት የሺ ካሉበት ሳይነሡ፣ «ተገኘ፣ በመድኃኔ ዓለም፣ እንዳታቆም» አሉኝ፣ ድምፃቸው ቀጭን ሁኖ። ባል እዚህ፣ ሚስት እዚያ፣ እኔ መካከል፣ ጣቶቼ አውታሩ ላይ። እንዲህ ባለው ጊዜ ሰው ምን ያደርጋል? ልባቸው እኔ እጅ ላይ ነው፣ ቤቱና ቃሉ ግን የሳቸው ነው።

«ይህ ድምፅ እያለ ቃሌ አይደርሰውም» አሉ ባላምባራስ። «አቁም፣ ልጄ።»

አቆምሁ።

አውታሩ ጸጥ ሲል በእንጨቱ ውስጥ ያለው ጸጥ አላለም። ባላምባራስ ከትራሳቸው ተነቅለው ቀና አሉ፣ ካየኋቸው ወዲህ ያለ ድጋፍ ሲቀመጡ ያን ቀን ብቻ ነው፣ ወደ በሩም እንዲህ አሉ፦ «መርሻ፣ በአፌ ያሰርሁህን በአፌ ፈትቼሃለሁ። ደጁ ያንተ ነው። ግባ።»

እዚህ ላይ የምነግርህን እንደፈለግህ አድርገው። እመት የሺ፣ ማንም የለም ያሉት እመት የሺ፣ በሩ ላይ ተዘርግተው የነበሩትን እግሮቻቸውን ሰበሰቡ። ሰው ሲያልፍ እንደምንሰበስበው፣ ቀሚሳቸውንም ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ። ምቱም በገናው ውስጥ እየቀረበ መጣ፣ እየጎላ፣ እየጎላ፣ ጥርሴ ድረስ ይሰማኛል፣ አጠገቤ ደረሰ፣ አለፈኝ፣ መደቡ ጋ ቆመ። ባላምባራስ እጃቸውን ዘረጉ፣ ልጅ ጉልበት ስሞ ሲነሣ አባት እጁን እንደሚይዘው። መዳፋቸው በአየር ላይ ሲጨብጥ አየሁ።

«እጅህ ምነው እንዲህ ቀዘቀዘ?» አሉ።

ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው እንደሚያዳምጡ ሆኑ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ሚስታቸው ዞሩ፣ ቁጣ የለባቸውም፣ ቁጣ ቢኖር ይሻል ነበር።

«የሺ፣ ለምን አልነገርሽኝም?»

ወደ ትራሳቸው ተመለሱ፣ አንገታቸው ላይ ያለው ሥር አንድ ሁለት ጊዜ ዘለለና ተኛ። ያን ጊዜ እጄን ገበቴው ላይ አደረግሁ። እንጨት ብቻ ነው።

ደወሉ ተደወለ። በአንድ ቀን ለሁለት ስም ፍትሐት ሆነ፣ ከገሳይ ዘመድ እያለቀሰ ወረደ፣ ለመርሻም በዚያው ተለቀሰለት። ሰው እኔን ብዙ አመሰገነኝ፣ ባላምባራስ በበገናው እየታገዙ ያን ያህል ጊዜ ቆዩ፣ በሰላም አረፉ አሉ። ለንስሐ አባትየው ያየሁትን ነገርኋቸው፣ ቀትር ነው፣ ጾም ነው፣ ራስህን አዙሮህ ይሆናል አሉኝ፣ ግን ከዚያ ወዲህ ብቻዬን ሲያገኙኝ መንገድ ይቀይራሉ። እመት የሺን እግራቸውን ለምን እንደሰበሰቡ አንድ ቀን በድፍረት ጠየቅኋቸው። ደንዝዞኝ ነው አሉ። እሺ፣ ይደንዝዛቸው።

ከዚያ ወዲህ ልቡ የታመመ ሁሉ ያስጠራኛል፣ እሄዳለሁ፣ እጃቸውን አስቀምጬ እደረድራለሁ፣ ብዙዎቹ ቀለል ይላቸዋል፣ ይህ እውነት ነው፣ ክጄ አልናገርም። ያ ነገርም ተመልሶ አልመጣም ነበር፣ እኔም እየቆየሁ ልስቅበት ጀምሬ ነበር።

ዘንድሮ ራሴው ትንሽ ደከም ብሎኛል። ወደ ቤተ ክርስቲያን ስወጣ ዳገቱ መካከል እቆማለሁ፣ ለሚያየኝ አገሩን እያየሁ ነው እላለሁ፣ ሲመሽ እግሬ ያብጣል፣ ኮርቻ ሲሰፉ መዋል ነው፣ ሌላ አይደለም። ባለቤቴ አስካለ መስፋቱን ተወውና በገናህን ደርድር አለችኝ፣ ትራስም ጨመረችልኝ። ልጃችን ደምለው ከመስከረም ጀምሮ ዘመቻ ላይ ነው።

ባለፈው ሰሞን በጠዋት በገናውን አውርጄ ጭኔ ላይ አደረግሁት፣ ገና አውታሩን ሳልነካ፣ በእንጨቱ ውስጥ ይመታል። የኔው ልብ ነው ብዬ ደረቴን ያዝሁ፣ የኔው እየሳተ ነው የሚሄድ፣ ያኛው አይስትም። ወደ ጓዳ አዞርሁት። ወደ በሩ አዞርሁት። አስካለ ደጅ አፍ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች፣ ጠራኋትና ከደምለው ወሬ አለ ወይ አልኋት። ምን ወሬ ይኖራል፣ ደኅና ነው አለችኝ። ሰፌዱን አየሁት፣ ምስሩን እየጣለች ጠጠሩን ታስቀራለች።

ጎረቤቶቼም ተለወጡ። ዱሮ ስሰድባቸው መልሰው ይሰድቡኝ ነበር፣ አሁን ቀልዴን ሳልጨርስ ይስቃሉ።

እኔ ልጄን ረግሜ አላውቅም። ምንም አልከለከልሁትም። አንድ ክፉ ቃል ወጥቶኝ እንደሆነ ብዬ አስቤ አስቤ አጣሁ፣ ታዲያ ለምን ውጭ ቁሞ ይቀራል? በሩን ጠዋት እከፍተዋለሁ፣ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው፣ የጉና ብርድ ይገባል፣ አስካለ ልትዘጋው ትነሣለች፣ ተይው እላታለሁ። ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝም።